በምሥራቁ ዳር የተኛው ደለል

ሐሙስ ጠዋት ሳሄራ የመሬት ለኪውን የኒባሮን ባቡን እግር ስታይ ወንዙ ያመጣው የዛፍ ሥር መስሏት ነበር። ለማገዶ ይሆነኛል ብላ ወደ ጭቃው ጠርዝ ወረደች፤ ጎንበስ ስትል ካልሲ አየች። በደሴታችን ካልሲ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። አልጮኸችም። እኛ የጀሙና ወንዝ ሰዎች ለሬሳ ብዙም አንጮህም፤ ወንዙ በየዓመቱ ያሳየናል፣ ድምፅም ያልቃል። ተመልሳ መጀመሪያ ላገኘችው ሰው «መሬት ለኪው ምሥራቅ ዳር ተኝተዋል፤ ፖሊስ ይጠራ» አለችና ማጭዷን ይዛ ቁጭ አለች።

ፖሊስ የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ኢንስፔክተር ሞንታዝ ከጀልባው ሲወርድ ጫማውን በእጁ ይዞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ነበር። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች የወንዝ ልጅ መሆኑን ወዲያው አወቁ። አብሮት የመጣው ኮንስታብል ዱላል ግን ከነጫማው ዘሎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጠመና ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ። ሞንታዝ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የተወለደበትም ያገባበትም መንደር ዛሬ ውሃ ናቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ድካም የመንገድ ብቻ አልነበረም።

የሟቹ ነገር ለምን ሁላችንንም እንዳስደነገጠ ልንገራችሁ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንዙ ሞይናጋቲ የምትባለውን መንደራችንን በሦስት ክረምት በላት። ስድሳ ቤተሰብ የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ተሸክሞ ግድቡ ላይ ሰፈረ። ወንዝ ግን የበላውን ሁሉ ይዞ አይቀርም፤ ሲደክመው የሆነ ቦታ ያራግፈዋል። ካራገፈው አፈር ደሴት ተነሣ፤ እኛ ቾር እንለዋለን። ሕጉም ቀላል ነው፤ የሰጠመ መሬትህ ተመልሶ ከወጣ የአንተው ነው። የሚከብደው የአንተ መሆኑን ማሳየቱ ነው። ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አሸዋ። የመንግሥት የመሬት ሹም ቅዳሜ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል። የድሮውን መስመር አሸዋው ላይ አስምረው ማሳየት የሚችሉት ደግሞ ያችን መንደር ሠላሳ ዓመት የለኩት ኒባሮን ባቡ ነበሩ። መስመር ካልተገኘ ደሴቱ በጉልበት ለያዘው ይጸናል። ጉልበት ያለው ደሴቱን በሰው የሚያሳርሰው ጆይናል መሆኑን ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም።

ሞንታዝ ሬሳውን ለማውጣት አልቸኮለም። ጭቃው ላይ የቀርከሃ ሰሌን አስነጥፎ በሆዱ ተኛና ረጅም ሰዓት ተመለከተ። ኒባሮን ባቡ ቀጥ ብለው በጀርባቸው ተጋድመዋል። ከእግራቸው ጫፍ በቀር ከላያቸው ላይ ሁለት ጋት የሚያህል ደለል ለብሰዋል። ደለሉን በሁለት ጣቱ መካከል አሸው፤ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ አንድም ሻካራ አሸዋ የለበትም። ከራስጌያቸው ክንድ ያህል ርቆ ጭቃው ውስጥ የተተከለ ቀጭን ቀርከሃ ቆሟል። ቀርከሃው ላይ በቢላ የተቆረጡ ምልክቶች ነበሩ፤ እሱንም ነቅሎ ለራሱ ያዘ፣ ከመንቀሉ በፊት ግን ጭቃው የደረሰበትን በጥፍሩ ጫረ። ሬሳው ሲነሣ የጭንቅላታቸው ጀርባ ተሰንጥቆ ታየ። መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ አልነበረም። በደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ በጨርቅ ሁለት እጥፍ ተጠቅልሎ ተገኘ።

ጆይናል ነጭ ቆቡን እያስተካከለ ቀረበ። ሐዘኑን በአግባቡ ገለጸ፤ ፊቱ ግን እንደ ሠርገኛ ነበር።

«ዳርቻው ተንዶባቸው ነው ኢንስፔክተር ሳሄብ። ይሄ ምሥራቅ ዳር እኮ በላተኛ ነው። ወንዝ ነው የገደላቸው፤ ወንዝ ደግሞ አይታሰርም።»

«ወንዙ በምን መታቸው?» አለ ሞንታዝ።

«እንዴት በምን?»

«ጭንቅላታቸው ተሰንጥቋል። ወንድሜ ጆይናል፣ እስቲ እዚህ ደሴት ላይ አንድ ድንጋይ አምጣልኝና ወንዙን ልክሰስ።»

ጆይናል ዙሪያውን ተመለከተ። በእኛ ቾር ላይ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም፤ ልጆቻችን ውሻ የሚያባርሩት በጓል ነው።

ከሰዓት በኋላ ሞንታዝ መረብ በሚጠገንበት ዳስ ሥር ተቀምጦ ሰዎችን አንድ በአንድ አነጋገረ። ከጆይናል ጋር ብዙ አልቆየም። ባለፈው ወር በሕዝብ ፊት ሽማግሌውን «እግርዎትን ይሰብስቡ፣ አለበለዚያ ሌላ ሰው ይሰበስበዋል» ብሎ እንደዛተባቸው ጆይናል ራሱ አልካደም። ዛቻ ሥራው ነው፣ የሚዝትበትን ሰው ሁሉ ቢገድል ኖሮ ደሴቱን ማን ያርስለት ነበር አለ። ሞንታዝ በልቡ ይህ እውነት ሳይሆን አይቀርም አለ።

ሳሄራ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ሴቶች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። እሷም ከኒባሮን ባቡ ጋር ተጣልታ ነበር። የአባቷ መሬት እስከ ኩሬው ይደርስ ነበር ስትል እሳቸው ከኩሬው አርባ ክንድ መለስ ይላል ብለዋታል።

«ሰድቤያቸዋለሁ» አለች። «የዛን ዕለት ማታ ግን ሩዝ ላክሁላቸው። እሳቸው ካልኖሩ አርባ ክንዱም ቀርቶ አንድ ክንድ አላገኝም። የምበላበትን ሳህን ልስበር?»

ሞንታዝ የሚጠይቃት ሌላ ነገር አልነበረውም። ስትወጣ ግን አንድ ነገር ነገረችው። ሽማግሌው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየምሽቱ ብቻቸውን ወደ ምሥራቅ ዳር ይሄዱ ነበር። ምን ሊያደርጉ እንደሚሄዱ የጠየቃቸውን ሰው «ሆዴን ላንሸራሽር» ይሉት ነበር።

ሎክማን የቀርከሃ ሠራተኛ ነው፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። ባለፈው ሳምንት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ድረስ ከምሥራቁ ዳር ወደ ላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ፣ ባንዳል የሠራው እሱ ነው። ባንዳል ማለት በቀርከሃ ካስማ ላይ የታሰረ ሰሌን ነው፤ ውሃው ውስጥ አግድም ይቆማል፣ ግርጌው ግን ክፍት ነው።

«የላይኛው ውሃ ጉልበተኛ ነው፣ ሸክም ግን የለውም» አለ ሎክማን እጁን እያወናጨፈ። «ሰሌኑ ይመታውና ወደ መሐል ወንዝ ይሄዳል። የታችኛው ደለል የተሸከመው ነው። በግርጌው ሾልኮ ያልፍና ጥላ ውስጥ ሲገባ ይዝላል። የዛለ ደግሞ ሸክሙን ያወርዳል፣ እንደኔና እንዳንተ። በሦስት ቀን ውስጥ ምሥራቅ ዳር መናዱን ተወ። አሁን በቀን አንድ ጋት ደለል እየተኛበት ነው!»

«ማን ማን ሠራው?»

«ከየቤቱ አንድ ሰው። ጆይናል ቀርከሃውን ሰጠ፣ ደሴቱ የሱ የሚሆን መስሎት። ሳሄራና ሴቶቹ ሰሌኑን አሰሩ። ሁሉም ነበር እንጂ! ኮፊል ቻቻ ብቻ ናቸው ያልነበሩት፣ ልጃቸው ወልዳ ሲራጅጎንጅ ከተማ ሄደው። ረቡዕ እኩለ ቀን ከጀልባ ሲወርዱማ ባንዳሉን አይተው የዓሣ ወጥመድ ነው ወይ አሉኝ። ስነግራቸው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው።»

«ከኒባሮን ባቡ ጋርስ ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

ሎክማን ፊቱን አጨማደደ። እሱ ባንዳሉን ታች ሊተክለው ነበር፤ ሽማግሌው ግን «ሃምሳ ክንድ ወደ ላይ» ብለው ድርቅ አሉ። ምክንያቱን አልነገሩትም። እንዲያ ሲሆን ደለሉ ለማንም በማይጠቅም ቦታ፣ ከደሴቱ ጫፍ ወዲያ ውሃው ውስጥ ነው የሚተኛው። በመጨረሻ ሽማግሌ ናቸው ብሎ እሺ አለ፤ እስከ ዛሬም አልገባውም።

ኮፊል የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቻቻ የምንለው አጎት ለማለት ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኒባሮን ባቡ ሲለኩ የመለኪያውን ሰንሰለት ሠላሳ ዓመት የጎተተው እሱ ነው። አንዱ ሂንዱ ነው አንዱ እስላም፣ ግን በበዓል አንዱ ሳይልክለት ሌላው አይበላም ነበር። ዓይኑ አብጧል። ሞንታዝ ሻይ አስቀዳለት፤ አልነካውም።

«እሳቸው በዓይናቸው ነው መስመሩን የሚያውቁት» አለ ኮፊል። «እኔ በእግሬ። ማየት ሲፈልጉ መነጽራቸውን አውልቀው ይሰጡኛል፣ እይዝላቸዋለሁ። ከዚያ ሂድ ይሉኛል፣ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው መስመሩን እርስዎም ያሳያሉ ማለት ነው ቻቻ።»

ኮፊል ይህን ያሰበበት አይመስልም። «እግሬ አልረሳውም ብለህ ነው?» አለ።

«የእርስዎ መሬት የቱ ጋ ነው?»

«የኔማ ውሃ ነው። ከምሥራቁ ጫፍ ወዲያ። የሌላው ቤት ሁሉ መሬት ወጣ፤ የኔ ብቻ ቀረ።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሰው የቆየ በሽታውን ሲናገር እንደሚሆነው ነው።

ሞንታዝ ብዙ ሰው አስሯል። ይህን ሰው ግን ሲመለከት ነገሩ ወደ ሌላ ሰው እንዲዞርለት ፈለገ። ኮፊል ከሄደ በኋላ ዱላልን ጠርቶ ሲራጅጎንጅ ላለው ፖሊስ ጣቢያ እንዲደውልና አንድ ሰው ወደ ኮፊል ልጅ ቤት እንዲላክ አዘዘው። ዱላል ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ደሴቱን ሲዞር አመሸ።

በማግስቱ ዓርብ ሞንታዝ ጠዋት ተነሥቶ ቀርከሃውን ወደ ነበረበት ቦታ መለሰ። ጭቃው ትናንት እሱ ከጫረው ምልክት በላይ አንድ ጋት ከፍ ብሏል። ቆሞ ወንዙን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሎክማንን ጠርቶ ኮፊል የሚለው መሬት በትክክል የት እንደሚሆን በጣቱ እንዲያሳየው ጠየቀው። ሎክማን በግምት አሳየው። ሞንታዝ «ሆሆ» አለና ተመለሰ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁሉም መረብ በሚጠገንበት ዳስ ሥር ተሰበሰበ። ጆይናል ከፊት ተቀመጠ፣ የሚቀመጥበት ወንበር ይዞ ነው የመጣው። ሳሄራ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ሎክማን መሬት ላይ ተቀምጦ ቀርከሃ ይልጣል። ኮፊል ምሰሶው ሥር ነበር። ሞንታዝ ቀርከሃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ እንደ ታከተው አስተማሪ ጀመረ።

«መጀመሪያ ወንዙን ነፃ ላውጣው፣ ያላደረገውን ነው የተወራበት። ዳርቻው ተንዶባቸው ቢሆን ኖሮ ላያቸው ላይ ጓልና ሻካራ አሸዋ አገኝ ነበር። ሌላ ቦታ ሰጥመው ውሃ ያመጣቸው ቢሆኑም ልብሳቸው አሸዋ ይሞላ ነበር፤ ደግሞም እንደዚያ ቀጥ ብለው አይተኙም። ያገኘሁት የላመ ደለል ብቻ ነው። የላመ ደለል የሚቀመጠው ውሃው ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ሞተው ነው እዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የተጋደሙት፤ ከዚያም ማንም አልነካቸውም።»

«መቼ ነው?» አለ ጆይናል። «ረቡዕ ማታ እኔ ሰርግ ላይ ነበርኩ። መቶ ሰው አይቶኛል።»

«ረቡዕ አይደለም። ይኼን ቀርከሃ የተከሉት ራሳቸው ናቸው። በየምሽቱ እየሄዱ ደለሉ የደረሰበትን በቢላ ይቆርጡ ነበር። አምስት ምልክት አለው። ባንዳሉ ያለቀው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ከአምስተኛው በላይ እኔ ስደርስ ሁለት ጋት ደለል ነበር። በሳቸውም ላይ ሁለት ጋት። በቀን አንድ ጋት መሆኑን ዛሬ ጠዋት ራሴ አይቻለሁ። ረቡዕ የሚቆርጥ እጅ አልነበረም። የተገደሉት ማክሰኞ ምሽት፣ አምስተኛውን ከቆረጡ በኋላ ነው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማክሰኞ ምሽት ሁሉም ደሴቱ ላይ ነበር፣ ከኮፊል በቀር።

«አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ» አለ ሞንታዝ። «ሰው የገደለ ሰው ሬሳ መደበቅ ይፈልጋል። ይኼ ደግሞ የወንዝ ሰው ነው፣ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ለወንዙ ይሰጣል። ታዲያ ለምን እዚያ አስተኛቸው? አንተ ጆይናል፣ ቀርከሃውን የሰጠኸው አንተ ነህ። ምሥራቅ ዳር ደለል እንደሚተኛ ታውቃለህ። ሬሳ ብትደብቅ ውሃው ጠራርጎ ወደሚወስድበት ወደ ምዕራብ ትሄድ ነበር እንጂ እዚያ ታስቀምጣለህ?»

«ሞኝ አይደለሁም» አለ ጆይናል።

«አይደለህም። ሎክማንም ያውቃል፣ ሳሄራም ታውቃለች፣ ስድሳው ቤት በሙሉ ያውቃል። እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ማን ነው? ምሥራቅ ዳር በቀን አሥር ክንድ ሲናድ ያየ፣ መናዱን መተውን ግን ያላየ ሰው ነው። ዳርቻው በሌሊት ይወድቅባቸዋል፣ ወንዙ ሁለቱንም ይወስዳል ብሎ ያመነ። ከአሥር ቀን በፊት የነበረውን ወንዝ ነው ያመነው።»

ሎክማን መላጡን አቆመ። ሳሄራ ቀስ ብላ ወደ ምሰሶው ዞረች።

«ከማዶ የመጣ ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለ ሎክማን። ይህን ያለው እንዲሆንለት ፈልጎ ነው።

«እንዲያ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ። ግን መነጽራቸውን አውልቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ያደረገ ሰው አለ። ጠላት መነጽር አይጠቀልልም። ሌባም ትቶት አይሄድም። ይህን የሚያደርገው እጁ የለመደ ሰው ነው።» ሞንታዝ ቀርከሃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ኮፊል ቻቻ፣ ልጅዎት ከቤቷ የወጡት ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ በልተው ነው ብላለች። እዚህ የደረሱት ረቡዕ እኩለ ቀን ነው። ከሲራጅጎንጅ እዚህ የአራት ሰዓት መንገድ ነው።»

ኮፊል ለመካድ አልሞከረም። ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን ከትከሻው እንደሚያወርድ ሰው ትንፋሹን አወጣ።

«ጀልባው አመለጠኝ» አለ። «ታንኳ ተከራይቼ መጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ብቻቸውን ቆመው አየኋቸው፤ ደስ አለኝ፣ ብቻቸውን ላናግራቸው ነበር። ቅዳሜ ሲለኩ መስመሩን ስልሳ ክንድ ብቻ ወደ ምዕራብ እንዲገፉልኝ ለመንኳቸው። ከሁሉም አንዳንድ ክንድ ቢነሣ ማን ይጎዳል? እሳቸው እምቢ አሉ። መስመር የማንም ንብረት አይደለም አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ከዚያ ጠብቅ አሉኝ።»

«ጠብቅ ብቻ?»

«ጠብቅ፣ ይወጣል አሉኝ። እየሳቁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን እኔን ጠብቅ አሉኝ። ሚስቴ ግድቡ ላይ እየጠበቀች ሞተች። ዞር ሲሉ መቅዘፊያው በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት፤ አንድ ጊዜ።» እጆቹን ተመለከተ። «ዳርቻው ይወድቅባቸዋል ብዬ ነው። ሰው እንዳያገኛቸው፣ ሐኪም ለምርመራ እንዳይቆራርጣቸው። ወደ ማዶ ተመልሼ ሻይ ቤት አደርኩ። ረቡዕ ሎክማን ባንዳል ሲለኝ ነፍሴ ወጣች። ምሽት ላይ ላነሣቸው ሄድኩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። አልደረስኩባቸውም።»

ጆይናል እንኳ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

ሞንታዝ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይወድ ነበር። ሥራው አልቋል፤ ቀሪውን ማንም አልጠየቀውም። ግን ሎክማን ጥያቄ ነበረው፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ በዚህ ደሴት ላይ ለሃያ ዓመት ይዞራል።

«ሎክማን፣ ባንዳሉን ለምን ሃምሳ ክንድ ወደ ላይ እንዳስተከሉህ አልገባኝም ብለኸኝ ነበር። ታች ብትተክለው ደለሉ የት ይተኛ ነበር?»

«ከጆይናል በሬዎች ጎን፣ ከደሴቱ ጋር ተጣብቆ።»

«ወደ ላይ ስትተክለውስ?»

ሎክማን በያዘው ቀርከሃ ከምሥራቁ ጫፍ ወዲያ አመለከተ። ወደ ኮፊል ግን ማየት አልቻለም።

«ኒባሮን ባቡ መስመር ማንቀሳቀስ አይችሉም ነበር» አለ ሞንታዝ ቀስ ብሎ። «ደለሉን ግን ማንቀሳቀስ ይችላሉ። በየምሽቱ እየሄዱ የሚለኩት የእርስዎን መሬት ነበር ቻቻ። ለሰው ያልተናገሩት፣ ለጓደኛው አደላ እንዳይባሉ ይመስለኛል። ጠብቅ ያሉዎት እያሾፉ አልነበረም።»

ኮፊል ምሰሶውን ይዞ ተነሣ፤ ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። ዱላል ሊያስረው ቀርቦ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋውና እሱም አጠገቡ ቁጭ አለ።

በነጋታው ቅዳሜ የመሬት ሹሙ መጣ። ጆይናል ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ነገሩን አልለቀቀም፤ መሬት ለኪው ሞተዋል፣ መስመር የለም፣ ስለዚህ ያለው ይዞታ ይጽና አለ። ሞንታዝ እስረኛውን ወደ ከተማ መውሰድ የነበረበት ዓርብ ማታ ነው። አልወሰደውም። ኮፊልን ከነገመዱ አመጣና የመለኪያውን ሰንሰለት ጫፍ ሰጠው።

«ነፍሰ ገዳይ መሬት ይለካል?» አለ ጆይናል። «በየትኛው አገር ነው?»

«እኔ ልጠየቅበት። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፣ ምን ያደርጉኛል?»

የመሬት ሹሙም አመነታ። ያለ ማስረጃ አልፈርምም አለ። ኮፊል ያን ጊዜ ራሱን ቀና አድርጎ አሸዋው ላይ መሄድ ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ቆመና «የድሮው መስጊዳችን መሠረት እዚህ ነው፣ ቆፍሩ» አለ። ሦስት ክንድ ቆፈሩ። ጡቡ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ቀኑን ሙሉ ሰንሰለቱን ጎተተ። እጁ ከፊት ታስሮ፣ ቁርስም ምሳም ሳይበላ፣ የሃምሳ ዘጠኝ ሰው መሬት አንድ በአንድ አሳየ። ሳሄራን የአባቷ መሬት ከኩሬው አርባ ክንድ መለስ ላይ አቆማት፣ ልክ ሽማግሌው እንዳሏት። ለማንም አንድ ክንድ አልጨመረም፣ ከማንም አልቀነሰም። እኛም ከኋላው ሄድን። የምንሰድብበት አፍ አጣን፣ የምናመሰግንበትም አፍ አጣን። ኒባሮን ባቡ በሂንዱ ደንብ ዓርብ ዕለት ተቃጥለዋል፤ አመዳቸውን የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመሬት ሹሙ ዝርዝሩን አይቶ አንድ ስም እንደቀረ ተናገረ። የኮፊል የራሱ ነበር። ሕጉ ያው ነው አለ ሹሙ፤ ወንጀሉ ሌላ መዝገብ ነው፣ መሬቱ ሌላ።

ኮፊል ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሰሌን አነጠፉለት፤ ላዩ ላይ እየሄደ ቆጠረ። ሰንሰለቱ ያለቀው ደለሉ በወፍራሙ በተኛበት፣ ሐሙስ ዕለት ሬሳውን ለማየት ሰሌን በተነጠፈበት ቦታ ላይ ነበር። ሎክማን ቀርከሃ ሰደደና አወጣው፣ ለካው። ይህ ክረምት ካልወሰደው የዛሬ ዓመት ውሃው በሚሸሽበት በካርቲክ ወር ሰው ይቆምበታል አለ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሩዝ ይበቅልበታል።

ሹሙ የወሰን እንጨትና መዶሻ ሰጠው። ኮፊል ሊተክለው ተንበረከከ፤ የታሰረ እጁ ግን እንጨቱንና መዶሻውን አንድ ላይ መያዝ አልቻለም። ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ሞንታዝ ገመዱን ልፍታው አልፍታው እያለ ሲያመነታ ሳሄራ ቀሚሷን ሰብስባ ሰሌኑ ላይ ወጣች፣ መዶሻውን ከእጁ ተቀበለችና ተከለችለት።